ኮሌጅ ፉትቦል 26፦ መመልመሉ ሳይሆን ማቆየቱ ነው ከባዱ

መክፈቻ ጽሑፍ

በኦንላይን መድረክ የተካሄደውን ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ሰላምታውን በአንድ መስመር ጨርሶ በቀጥታ ክርክሩ ውስጥ ገባ። የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል የቪዲዮ ጌም የሆነው ኮሌጅ ፉትቦል 26 እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2025 ከወጣ ወዲህ ሰው የሚያወራው ስለ እውነተኞቹ አሰልጣኞች፣ ስለ ማርሽ ባንዱና ስለ ስታዲየሙ ድምቀት ብቻ ሆኗል፤ አሰልጣኝ ሆኖ አንድን የትምህርት ቤት ቡድን ለዓመታት የሚመሩበትን ክፍል፣ ዳይናስቲን፣ የለወጠው ግን ሌላ ነው ይላል። እሱ የሚያነሳው ዲልብሬከርን ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ይዞት የሚመጣውን፣ ከጎደለ ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄድበትን አንድ ጉዳይ።

ነገሩ በቀዳሚው እትም፣ በኮሌጅ ፉትቦል 25ም፣ ነበረ። በ26 ግን መስፈርቱ አብሮ ያድጋል። ልጁ ሲጎለብት የሚጠብቀው ውጤት ከፍ ይላል፤ ለጀማሪ ተማሪ ሲ ፕላስ የበቃው ነገር ኮከብ ሲሆን ቢ ፕላስ ካልሆነ አይጥመውም። ያን ያላሟላ አሰልጣኝ ወቅቱ ሲያልቅ ልጁን ትራንስፈር ፖርታል ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ለመቀየር ከሚፈልጉ ተጫዋቾች ዝርዝር ላይ፣ ያገኘዋል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስቶ ጠንከር ያለ ድምዳሜ ላይ ደረሰ፦ ትንሽ ትምህርት ቤት ይዞ የሚጀምር ሰው ከእንግዲህ የሚሸነፈው በምልመላ ሳይሆን በማቆየት ነው። ከዚያ ጥያቄውን አስቀመጠ። ጌሙ ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጣቸው 14 ውጤቶች ውስጥ በአሰልጣኙ እጅ የሚነሱትና የሚወድቁት የትኞቹ ናቸው? የትኞቹስ ላይ መድከም ከንቱ ነው?

1ኛ ምላሽ

በትህትና የተጻፈ ነው፤ ለመክፈቻው አመስግኖ፣ ልጁን ሳያመጡ ስለ ማቆየት ማውራት አይቻልም ብሎ አሰልጣኙ በየሳምንቱ ከሚያገኘው የምልመላ ሰዓት እያንዳንዱ እርምጃ የሚበላውን ዘረዘረ። በ25 የተለመደው አከፋፈል ማኅበራዊ ሚዲያውን ማየት 5 ሰዓት፣ ስኮላርሺፕ ማቅረብ 5፣ ለልጁ በግል መልእክት (ዲኤም) መጻፍ 10፣ ወዳጅ ዘመዱን ማነጋገር 25፣ ሴንድ ዘ ሃውስ የሚባለው ሙሉ ጥቃት 50 ነው። ለአንድ ምልምል በሳምንት የሚፈቀደው የተለመደ ጣሪያም 50 ስለሆነ፣ ሴንድ ዘ ሃውስ የተጫነበት ልጅ ላይ ሌላ ነገር መጨመር አይቻልም። ምልመላ ሰሌዳው ላይ 35 ስም ይያዛል፤ መላሹ ግን በትንሽ ትምህርት ቤት 35ቱንም መሙላት ሰዓትን መበተን ነው ባይ ነው።

2ኛ ምላሽ

እርማት ነው። የ1ኛው ዝርዝር ልክ ቢሆንም ዋናውን ዘሏል ይላል፤ ልጁ ምርጫውን ወደ አምስት ትምህርት ቤቶች ካጠበበ በኋላ በሴንድ ዘ ሃውስ መቀጠል ብክነት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ማሳመኛው ነው፦ ሃርድ ሴል (ጠንካራ ማሳመኛ) 40 ሰዓት፣ ሶፍት ሴል (ለስላሳ ማሳመኛ) 20፣ ስዌይ (ፍላጎት ማስቀየሪያ) 30። ስሌቱንም ሠርቶ አሳየ። የልጁ ሦስት ፍላጎቶች ታውቀው ትምህርት ቤቱ ሦስቱም ላይ ጥሩ ውጤት ካለው ሃርድ ሴልና ዲኤም፣ 40 ሲደመር 10፣ በትክክል 50 ይሞላሉ። ፍላጎቶቹ ገና በከፊል ብቻ ከታወቁ ሶፍት ሴል፣ ወዳጅ ዘመድና ማኅበራዊ ሚዲያ፣ 20 ሲደመር 25 ሲደመር 5፣ እንደገና 50። ልጁ የሚፈልገው ነገር ትምህርት ቤቱ የሌለው ከሆነ ደግሞ ስዌይና ሶፍት ሴል ተጣምረው ፍላጎቱን ወደሚያዋጣው አቅጣጫ ይገፉታል። ስዌይ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ተፎካካሪ ትምህርት ቤት በሃርድ ሴል እየገሰገሰ ሳለ ስዌይ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

ከክሩ ሁሉ ለጀማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ምላሽ ነው። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስካውቲንግም፣ ማለትም የልጁን እውነተኛ ችሎታ መመርመሩ፣ ከዚያው የሰዓት ቋት እንደሚቆረጥ አላነሳም። አረንጓዴ ምልክት የወጣለት ልጅ ከተሰጠው የኮከብ ደረጃ በላይ፣ ቀይ የወጣለት ከኮከቡ በታች መሆኑ የሚታወቀው በስካውቲንግ ስለሆነ ይህ ወጪ ሊዘለል አይገባም።

3ኛ ምላሽ

የመክፈቻውን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው ይህ ነው። 14ቱን ውጤቶች በሁለት ክምር ለያቸው። የማይንቀሳቀሱት ወይም ለመንቀሳቀስ የሚከብዱት የትምህርት ክብር፣ የካምፓስ ኑሮና ለቤት ቅርበት ናቸው። የቴክሳስን ልጅ ወደ ሰሜን ጫፍ አምጥቶ ቅርበትን ማሻሻል አይቻልም፤ ዲልብሬከሩ ቅርበት የሆነን ልጅ ከሩቅ መመልመል ከመነሻው የተዘጋ በር ማንኳኳት ነው።

በሌላው ክምር የሚንቀሳቀሱት አሉ። ሻምፒዮንነት፣ የስታዲየም ድባብ፣ የስም ገናናነት፣ የኮንፈረንስ (ቡድኑ ያለበት የትምህርት ቤቶች ምድብ) ክብርና የአሰልጣኝ ክብር በማሸነፍ ይነሳሉ። ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ የማለፍ ዕድል በዚያ ቦታ ስንት ተጫዋች እንደተመረጠ ያያል። የአሰልጣኝ መረጋጋት አሰልጣኙ የመባረር ስጋት ሲደርስበት ይወድቃል። የአጨዋወት ስልት ደግሞ ሰው የማያስተውለው ነው፤ ውጤቱ የሚወጣው ቡድኑ ሜዳ ላይ ከሚሠራው ቁጥር ነው። ኳሱን ሁሌ በሩጫ የሚያራምድ አሰልጣኝ ቆሞ የሚወረውር ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ቢያመጣ፣ ቡድኑ 11 ጨዋታ ቢያሸንፍም እንኳ የልጁ የአጨዋወት ስልት ውጤት ይወርዳል። እያሸነፍን ለምን ሄደ ለሚለው የተለመደ እሮሮ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ አለ።

4ኛ እና 5ኛ ምላሽ

4ኛው ከአዲስ አበባ ነው፤ ጌሙ በፕሌይስቴሽን 4 ይሠራ እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። 5ኛው አይሠራም አለው። 25ም ሆነ 26 የወጡት ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ኤስ ብቻ ነው፤ በኮምፒውተርም አልወጡም። የጥንቱን መጫወት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤንሲኤኤ ፉትቦል 14 ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 አለ ብሎ አከለ፤ ዲስኩ ግን ከወጣበት ጊዜ ይልቅ በኋላ እንደተወደደ አስጠነቀቀው።

6ኛ ምላሽ

3ኛውን አድንቆ አንድ ውጤት ለብቻው መነጠል አለበት አለ፤ የመጫወቻ ጊዜን። ይህ በየቦታው የሚሰላ ሲሆን የሚያየው ከልጁ ፊት ስንት የተሻለ ተጫዋች እንደተደረደረ ነው። በየዓመቱ ሁለት ባለ አራት ኮከብ ኳርተርባክ የሚያመጣ ሰው ቡድን እያጠናከረ ይመስለዋል፤ የሚሠራው ግን ለፖርታሉ ነው። መፍትሔውም ተራ ሂሳብ ነው። ኳርተርባክ ሜዳ ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንድ፣ በመሃል አንድ ዓመት ባዶ ቢታለፍም አይጎዳም። ሪሲቨር (ውርወራ ተቀባይ) እና የመከላከያ ጥግ ተጫዋች ሦስት አራት ስለሚሰለፉ በዓመት ሁለት ሦስት ቢመጡ ይሸከሙታል። ላይንማን (የፊት መስመር ተጫዋች) ለማደግ ዓመታት ስለሚፈጅ ብዛት እዚያ ላይ ይፈቀዳል። የቡድኑ ጣሪያ 85 መሆኑንም አስታወሰ፤ ከዚያ በላይ የሆነው የግድ ይቀነሳል።

7ኛ ምላሽ

ክሩ እዚህ ላይ ሞቀ። መላሹ እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ የሒሳብ ሹም ወሬ ብሎ አጣጣለው። የ26 ለውጥ ሜዳ ላይ ነው፤ የመስመር ተጫዋቾች ተከላካዩን ከሩጫው መንገድ ወደ ጎን መግፋት ጀምረዋል፣ ዳይናሚክ ሰብ በሚባለው የተመረጠው ጥሪ (የጨዋታ ዕቅድ) ሳይሰረዝ ተጫዋች መቀየር ተችሏል፣ የዞን መከላከያውን ጥልቀት እንደ ልብ ማስተካከል ይቻላል። ኦፕሽን፣ ማለትም ኳርተርባኩ ተከላካዩን አይቶ ኳሱን ማን እንደሚይዝ እዚያው የሚወስንበትን ስልት፣ መጫወት የሚያውቅ ሰው ባለ ሁለት ኮከብ ልጆች ይዞ ያሸንፋል፤ የማያውቅ ሰዓት ይቁጠር። በስተመጨረሻም መክፈቻውን የጻፈውን ሜዳ ላይ ያየነው ጊዜ እንነጋገራለን ብሎ ወጋው። ጌም ሜዳ ላይ ነው የሚለው ግማሹ እውነት ነው፤ ንቀቱ ግን አያስፈልግም ነበር።

8ኛ ምላሽ

ስድቡን ትቶ ኦፕሽኑን ያዘ፤ እዚህ ክር ላይ እንደዚህ ያለ ሰው አለመጥፋቱ ደስ ይላል። ሪድ ኦፕሽን ላይ ያልታገደው ተከላካይ ራሱ ላይ አር ፊደል ይወጣበታል። ኳሱ እንደተነሳ ዓይን እሱ ላይ ነው። ተከላካዩ ወደ ሯጩ ከሮጠ ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ ይወጣል፤ ባለበት ከቆመ ወይም ወደ ኳርተርባኩ ከዞረ ኳሱ ለሯጩ ይሰጣል። መስጠት የሚቻለው በፕሌይስቴሽን ኤክሱን፣ በኤክስቦክስ ኤውን ተጭኖ በመያዝ ነው፤ ካልተያዘ ኳሱ ከኳርተርባኩ ጋር ይቀራል። ትሪፕል ኦፕሽን ላይ ፒ ፊደል የወጣበት ሁለተኛ ሰው ይጨመራል። እሱ ኳርተርባኩን ሲመጣበት ኳሱ በኤል 1፣ በኤክስቦክስ ኤልቢ፣ ወደ ጎን ይወረወራል።

የሚያበላሸው ነገር ሁሌ አንድ ነው፤ መቸኮል። ሰው ከኳሱ መነሳት በፊት ወስኖ ይገባና ቁልፉን በልማድ ይይዛል፤ ተከላካዩ ሯጩ ላይ ሲወርድ ኳሱ እዚያው ይሰጣል። የመወርወሩ ስሕተት ደግሞ መዘግየት ነው፤ ኳርተርባኩ ከተነካ በኋላ የተወረወረ ኳስ መሬት ላይ ይቀራል፣ የወደቀ ኳስ ደግሞ የማንም ነው። ኦፕሽንን መልመድ የፈለገ አርሚን፣ ኔቪን ወይም ኤር ፎርስን ይዞ የልምምድ ሜዳው ላይ አንድ ጥሪ ብቻ ይደጋግም ብሎ መከረ።

9ኛ ምላሽ

ከ7ኛው ጋር ተስማምቶ ጀመረና መልሶ አፈረሰው። ኦፕሽን የሚያሸንፈው ኳርተርባኩ እስከ አራተኛው ሩብ በእግሩ ከቆመ ነው። ከ25 ጀምሮ የመጣው ዌር ኤንድ ቴር እያንዳንዱን ምት በአካል ክፍል ይመዘግባል፤ የሰውነቱ ሥዕል ላይ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ቀይ የሆነው ክፍል የሚመለከተው ብቃት ይወርዳል። የትከሻ ምት ውርወራን፣ የእግር ምት ፍጥነትን ይቀንሳል። ይህ ከድካም የተለየ ነው፤ ድካም ሁለት ጥሪ ተቀምጦ ይመለሳል፣ ይህኛው ወደ ሚቀጥለው ሳምንት ይሻገራል።

ምክሩ ሦስት ነው። ኳርተርባኩ ሰው ሲቀርበው ካሬውን፣ በኤክስቦክስ ኤክስን፣ ነካ አድርጎ ይንሸራተት፤ ተጭኖ መያዝ ግን በግንባር መወርወር ስለሆነ ምቱን ያባብሰዋል። ጨዋታው ከተወሰነ በኋላ ዋናው ልጅ ይውጣ። ነባሩን የመቀያየሪያ ቁጥር አምኖ መቀመጥም አይገባም፤ በመቶኛ የሚስተካከለውን የሯጮች መውጫ ከፍ ማድረግ ሁለተኛው ሯጭ ቀደም ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ከዚያ ወደ 6ኛው ተመልሶ፣ ይህ መቀያየር የተቀያሪዎቹንም ሆድ ስለሚሞላ ሜዳውና ሂሳቡ የሚለያዩ አይደሉም አለ። ከ7ኛው ይልቅ ያሳመነው እሱ ነው።

ከ10ኛ እስከ 12ኛ ምላሽ

10ኛው ወደ ስታዲየም ወሰደን፤ በሰው ሜዳ ጩኸቱ ሲያይል ስክሪኑ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የጥሪው መስመሮች እንደሚዛቡ፣ ወጣት ተጫዋቾች እንደሚደነግጡ ገልጾ ከባዱ ሜዳ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ካይል ፊልድ ነው አለ። 11ኛው ቆጣ ብሎ አረመው። ካይል ፊልድ አንደኛ የነበረው በ25 ዝርዝር ነው፤ በ26 አንደኛው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) ታይገር ስታዲየም ነው። እግረ መንገዱንም ከላይ ማንም ያልጠየቀውን የቡድን ብዛት አረመ፦ 25 ላይ 134፣ 26 ላይ ደላዌርና ሚዙሪ ስቴት ተጨምረው 136። 12ኛው ሁለቱንም አስማምቶ ሥራ ላይ የሚውለውን ሰጠ፤ ጩኸት ውስጥ ጥሪን በቦታው ላይ አምስት ጊዜ ከመለወጥ ከመጀመሪያው ቀላል ጥሪ ይዞ መግባት፣ ሮድ ዶግ የሚባለውን የአእምሮ ችሎታ ያለውን ልጅ ለሰው ሜዳ መጠበቅ፣ ውርወራ ላይም የመወርወሪያ መለኪያው ሰማያዊ ክልል ውስጥ ለመልቀቅ ጊዜ የሚሰጡ አጫጭር ኳሶችን መምረጥ።

13ኛ ምላሽ

እግር የማይነካው ኳስ እንዴት እግር ኳስ ይባላል የሚለው የድሮ ቀልድ። ሁለት ሰው ሳቀለት፤ ይለፍ።

ከ14ኛ እስከ 16ኛ ምላሽ

ከርዕሱ የወጣ ቢሆንም ጥሩ መውጣት ነበር። 14ኛው ከ2013 በኋላ 11 ዓመት ጌሙ ለምን እንደጠፋ ጠየቀ። 15ኛው በእድሜ ገፋ ያለ ይመስላል፤ ሁሉንም አንቱ እያለ ነው የጻፈው። የድሮው ጌም የልጆቹን ስም አይጽፍም ነበር፤ ቁጥራቸው፣ ቁመታቸው፣ የትውልድ ቦታቸውና አጨዋወታቸው ግን ቁርጥ እነሱ ነበር። ኳርተርባክ ቁጥር 2 ሲባል ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ስሙን ደግሞ ደጋፊው ራሱ አንድ በአንድ ያስገባ ነበር። ትምህርት ቤቱና አሳታሚው ከዚያ ሲያገኙ ተጫዋቹ ምንም አያገኝም። የቀድሞው የዩሲኤልኤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኤድ ኦባነን ራሱን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጌም ውስጥ አይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰሰ፤ የቀድሞው ኳርተርባክ ሳም ኬለርም በዚያው ዓመት። የጌሙ አሳታሚ ኢኤና የኮሌጆቹ የፈቃድ ኩባንያ በ40 ሚሊዮን ዶላር፣ የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው ኤንሲኤኤ በኬለር ክስ በ20 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ፤ ጌሙም ቆመ። መንገዱ የተከፈተው ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተማሪዎች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ሲፈቀድላቸው ነው።

16ኛው ክፍያውን ጨመረ፤ በ25 ለተስማማ ተጫዋች 600 ዶላርና የጌሙ አንድ ቅጂ፣ በ26 1,500 ዶላር። ከዚያ ይህ ለአንድ ኮከብ ሳንቲም ነው ብሎ ጀምሮ፣ ለተጠባባቂ ላይንማን ግን ማንም ያልሰጠው ገንዘብ ነው ብሎ ጨረሰ። ሁለቱም እውነት ነው።

17ኛ ምላሽ

በጣም የተናደደው ይህ ነው፤ የአሰልጣኝ ነጥብና የሮድ ቱ ግሎሪ (አንድ ተጫዋች ብቻ ሆኖ የሚጫወቱበት ክፍል) ችሎታ ነጥብ በገንዘብ መሸጥ መጀመሩን ዘረፋ አለው። 26 ሲወጣ የአሰልጣኝ ልምድ ማፍጠኛው ማስተካከያ መነሳቱ ሰውን ወደ ግዢው ለመግፋት ነው የሚል ክስም አቀረበ። ቃላቱ ሻካራ ነበሩ፤ 7ኛውንም የኩባንያው ጠበቃ አድርጎ ጎተተው፣ ሰውየው ስለ ገንዘብ አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

18ኛ ምላሽ

የተረጋጋ ነው። ማስተካከያው ከደጋፊዎች ቅሬታ በኋላ እንደተመለሰ አስታውሶ፣ ነጥብ መግዛት ሳያስፈልግ አሰልጣኙን ቶሎ የሚያሳድገው የመነሻ ምርጫው ነው አለ። ሪክሩተር (መልማይ)፣ ሞቲቬተር (ተጫዋች አሳዳጊ) ወይም ታክቲሺያን (ስልት ነዳፊ) ሆኖ መጀመር ይቻላል። በትንሽ ትምህርት ቤት ሪክሩተር ያዋጣል ይላል፤ ነጥብን በሁሉም ቅርንጫፍ ላይ መርጨት ግን ሁሉንም ግማሽ ያደርገዋል። በዚህ ላይ 3ኛው በአጭሩ ተመልሶ ተቃወመ፤ ክሩ ስለ ማቆየት ከሆነ ሞቲቬተር ይሻላል፣ ያሉትን ልጆች ማሳደግ ከአዲስ መሻማት ይቀላልና። ክርክሩ እዚህ ላይ አልተቋጨም።

19ኛ እና 20ኛ ምላሽ

መክፈቻውን የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ፤ ለ7ኛው አንድም መልስ አልሰጠም። የጠየቀው ምልምሎች ትምህርት ቤቱን ስለሚያዩበት ጉብኝት ነው፤ አንድ ሳምንት ላይ ስንት ልጅ ይጋበዛል፣ የትኛው ጨዋታ ላይስ?

20ኛው በዝርዝር መለሰ። ጉብኝት 40 ሰዓት ይበላል፣ በአንድ ሳምንት አራት ልጅ ይበቃል፣ የሚከፈተውም ልጁ ምርጫውን ወደ አምስት ካጠበበ በኋላ ነው። ኳርተርባክና ሪሲቨር አብረው ቢመጡ አንዱ ለሌላው ይረዳል፤ ሁለት ኳርተርባክ በአንድ ቀን መጋበዝ ግን ሁለቱንም ያቀዘቅዛል። ትልቅ ተጋጣሚ ያለበት የሜዳ ጨዋታ ይበልጥ ይከፍላል፤ ከተሸነፉ ግን ያው ጉብኝት ይጎዳል። ስለዚህ ደካማ ቡድን የያዘ ሰው የኦሃዮ ስቴትን ጉብኝት አይቶ ከመጓጓት የሚያሸንፈውን መካከለኛ ጨዋታ ይምረጥ። ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ የ40 ሰዓቱን ክፍያ ነው፤ ጉብኝቱ በያዘው ሳምንት ለዚያ ልጅ የሚቀረው 10 ሰዓት ስለሆነ ሃርድ ሴሉ ይቋረጣል። ዲኤሙን ማቆየት ብቻ ይቻላል።

21ኛ ምላሽ

የመጨረሻው፣ እስካሁን በተባለው ላይ ምንም ሳይል፣ በቲም ቢልደር (የራስን ቡድን መፍጠሪያ) ጥቁር አንበሳ የሚባል ቡድን ሠርቶ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ማልበስ ይቻል እንደሆነ ለሚጠይቁ መለሰ። ይቻላል፤ ሥራው የሚከናወነው በኮንሶሉ ሳይሆን በድረ ገጹ ነው፣ የራስን አርማ መስቀልም ተፈቅዷል። ቡድኑ ዳይናስቲ ውስጥ ሲገባ ካሉት ትምህርት ቤቶች የአንዱን ቦታ ይወስዳል፣ የዚያን ትምህርት ቤት ኮንፈረንስም ይወርሳል። ጠንካራ ኮንፈረንስ ውስጥ ያለን ትምህርት ቤት የተካ ሰው አርማው ባማረ ቡድን በየሳምንቱ ይደቆሳል፤ እስከ 32 ሰው በሚገባበት የኦንላይን ዳይናስቲ ደግሞ ሁሉም ከመጀመሩ በፊት በየትኛው ቦታ እንደሚገባ ቢስማሙ ይሻላል፤ ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ ቦታ መቀየር የለም።